የተኙ ጥንዚዛዎችና አልነሳም ያለው ሹፌር

ጥፋቱ የራሷ ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም "እስቲ ንገሪን" ብሎ አልለመናትም። እራት ቀርቦ ገና እንፋሎቱ ሳይበርድ፣ ቀኑን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ሲገላበጥ የዋለውን ወሬ ባሏ ፊት ዘረገፈችው።

"ዛሬ ምን እንዳየን ብነግርህ አታምነኝም" አለች። "የተኙት ጥንዚዛዎች ስምንት ወር ሞላቸው። ከመቶው ዘጠና ሁለቱ በሕይወት አሉ። ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን የተፈለፈሉት፣ ያልተኙት ግን ሁለት ወር ሲሞላቸው አልቀዋል።"

ባሏ ማንኪያውን አስቀመጠ። ይህ ሰው ማንኪያ የሚያስቀምጠው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ነገር መምጣቱን ያኔውኑ ማወቅ ነበረባት።

"ድገሚልኝ እስቲ።"

ደገመችለት። እንዲያውም ጨመረችለት። የተኛ ጥንዚዛ እንደ ነቃው ቶሎ ቶሎ እንደማይተነፍስ፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆይና አንዴ እፍ ብሎ ተመልሶ ጸጥ እንደሚል፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለችው እሳትም አመድ እንደ ለበሰ ፍም ሆና እንደምትከርም አስረዳችው።

"ስለዚህ" አለ ባሏ ጣቱን አንስቶ፣ "የተኛ ይኖራል፤ የሮጠ ይሞታል።"

"እንደሱ እንኳን አይደለም..."

"ስምንት ወርና ሁለት ወር! አራት እጥፍ ነው እኮ! አንቺ ደግሞ በየማለዳው 'ተነስ፣ ተራመድ' እያልሽ ትነዘንዢኛለሽ። ሴት እያወቀች የገዛ ባሏን ትገድላለች?"

ይህን ብሎ ከጠረጴዛው ወደ ሶፋው ተሻገረ፤ አራት እርምጃ ነው። እግሩን ዘርግቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ፣ ክርክር ያሸነፈ ጠበቃ መስሎ ተጋደመ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አልቻለችም።

ይህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ ባልደረቦቹ "አምስተኛ ማርሽ" ይሉት ነበር፤ ጠዋት ከአልጋው የሚነሳው በአምስተኛ ማርሽ፣ የሚበላው በአምስተኛ ማርሽ፣ ቀልድ የሚጀምረውም ሰው ሳይሰበሰብ ነው። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ግቢውን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባ፤ ሦስተኛውን ሚስቱ ቀለሙን ደብቃ አስቀረችው። ከዚያ ከአራት ወር በፊት ደረቱን ያዘው።

የልብ ሐኪሙ የተናገረውን አጠገቡ ተቀምጣ በጆሮዋ ሰምታለች። "ልብዎ ደክሟል። መድኃኒቱን ይውሰዱ፤ በየቀኑም ቀስ እያሉ ይራመዱ። ሲደክምዎ ይቁሙ፣ ሲመለስልዎ ይቀጥሉ።" ባሏ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነ፣ ቤት ገባ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ አለቀ። ከሶፋ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ። እግሩ ማበጥ ጀመረ። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ እሷን ብቻዋን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "በዚህ ዓይነት ከተቀመጡ ዓመቱን የሚጨርሱ አይመስለኝም" አላት። ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብትለው፣ "ይህኛው እንቁላል መንገድ አያምረውም" ብሎ ተገላበጠ።

እና እንዲህ ላለው ሰው ነው እንግዲህ፣ መተኛት ዕድሜ ያረዝማል የሚል ማስረጃ ከሥራ ቦታዋ አምጥታ በእጁ ያስጨበጠችው።

ሥራዋ ጥንዚዛ ማርባት ነው። ሁለት ክፍልና አንድ ማቀዝቀዣ ክፍል ባለው "ጥንዚዛ ቤት" አሥራ ስምንት ዓመት ስለሠራች "የጥንዚዛ እናት" ይሏታል። የሚረቡት ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው። ክሽክሽ የሚባለውን፣ ቅጠል ሥር ተሰብስቦ የአትክልት ውሃ የሚመጥጠውን ደቃቃ ተባይ ይበሉታልና፣ መርዝ መርጨት የማይፈልጉ አትክልተኞች በሳጥን በሳጥን ይወስዷቸዋል። ችግሩ ክሽክሽ የሚመጣው በአንድ ወቅት፣ ያውም በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥንዚዛዎቹ እስከዚያ ይተኛሉ።

ማስተኛት ደግሞ ዝም ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ መብራቱ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲበራ ይደረጋል፤ ጥንዚዛው ቀኑ ማጠሩን ሲያይ "ክረምት ሊገባ ነው" ብሎ ራሱን ያዘጋጃል። እንቁላል መጣል ያቆማል። ስኳርና የአበባ ብናኝ ይበላል፣ ይበላል፣ ጮማ እስኪሆን ይበላል። ሙቀቱ ቀን በቀን ሲቀነስለት ከጓደኞቹ ጋር በተጨማደደ ወረቀት መሐል ተጠጋግቶ ይተኛል። አብራት የምትሠራው ወጣት ተመራማሪ ይህን ሁሉ "ሜታቦሊዝም" በሚል ቃል ነው የምታብራራው፤ በጥንዚዛ እናት ቋንቋ ግን የሰውነት ምድጃ ማለት ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ስቡ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ዕድሜም ቀስ ብሎ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ ክፍሉ በር ላይ በእጇ የጻፈችው ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ "ሙቀት ጠላታችን ነው። በሩን ክፍት ትቶ የሄደ ከእኔ ጋር ነው።" በሩን ከፍቶ የተነጋገረ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጨምሮ፣ ከእሷ ጋር ሆኖ አይቶታል።

ከዚያች እራት በኋላ ባሏ ለጥንዚዛዎቹ ዘመድ ሆነ። ማታ ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "የኔ ወገኖች እንዴት ዋሉ?" ይላታል። "ተኝተው" ስትለው፣ "ብልሆች!" ይላል። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ደውላ "አባዬ፣ በናትህ ትንሽ ተራመድ" ስትለው ስለ ፍሙና ስለ አመዱ ግማሽ ሰዓት አስተማራት፤ በመጨረሻ ልጅቷ ስልኩን ለእናቷ እንዲሰጣት ጠይቃ፣ "እማዬ፣ እኔም ልተኛ እንዴ?" አለች። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ሊጠይቀው መጥቶ ሲሄድ፣ ሱቁን ከሰዓት በኋላ ለመዝጋት አስቦ ነበር የሄደው።

የጥንዚዛ እናት ተስፋ ቆርጣ ተመራማሪዋ ዘንድ ሄደች። ልጅቷ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያሉትን ጥንዚዛዎች ትንፋሽ የሚለካው ማሽን አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

"ልጄ" አለቻት፣ "መተኛት የሚጎዳበትን አንድ ነገር ፈልጊልኝ። ባሌ በእኛ ሥራ ሊሞት ነው።"

ተመራማሪዋ ሳቀች፤ ከዚያ የሴትየዋን ፊት አየችና ሳቋን ተወችው። "እትዬ፣ እንዲያውም ዛሬ የሙከራችን ሦስተኛ ምድብ ቆጠራ አልቋል። ይምጡ ይዩት" አለች። ያሳየቻትን ካየች በኋላ የጥንዚዛ እናት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ ብላ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። ስትደርስ ግን "ወገኖቼ እንዴት ዋሉ?" የሚላትም አልነበረም፤ ገና በአንድ ሰዓት ተኝቶ እያንኮራፋ አገኘችው። እስቲ ነገ አለች።

ነጋ፤ ስልክ ጮኸ። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጥርሱ ታሞ ጉንጩ ዳቦ አክሏል፤ ሐኪሙ ሦስት ቀን እንዳይነዳ ብሎታል። ተረኛ ሆኖ የሚጠብቀው አትክልተኛ ደግሞ ስድስት የፕላስቲክ ቤት ሙሉ ቲማቲሙን ክሽክሽ ወርሮበት በየሰዓቱ ይደውላል። የጥንዚዛ እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች፣ "እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ሹፌር ከሌለ ከየት ይመጣል?" አለች። ይህን ስትል ድምጿን ከፍ ያደረገችው ሆን ብላ እንዳልሆነ እስከ ዛሬ ትምላለች። እኔ አላምናትም።

ከሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተንቀሳቀሰ። "ምን ማለትሽ ነው፣ ሹፌር የለም?"

"ማለቴ... ጤነኛ ሹፌር።"

"መንዳት በሽታ ሆኖ ያውቃል? ቁጭ ብሎ ነው የሚነዳው! ቁጭ ማለት ላይ ደግሞ ከእኔ የሚበልጥ አለ?" ትንሽ አሰበና ውሉን አስቀመጠ፤ "ግን ከመቀመጫዬ አልነሳም። ጭነት አልነካም። ታክሲም በር ድረስ ይምጣልኝ።"

ታክሲው በር ድረስ መጣ። ጥንዚዛ ቤት ሲደርሱ እሷና ተመራማሪዋ አሥራ ሁለቱን የፎም ሳጥኖች ከነበረዶአቸው የመሥሪያ ቤቱ ትንሽ ቫን ውስጥ፣ ልክ ከመቀመጫው ኋላ ደረደሩ። ሳጥኖቹ ከተማሪ ቦርሳ የሚከብዱ አልነበሩም፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ ግን ሦስት መቶ ነፍስ በወረቀት መሐል ተጠጋግቶ ተኝቷል። ተመራማሪዋ ወደ ማሽኗ ተመለሰች። ባሏ መሪውን ሲጨብጥ ፊቱ ላይ የመጣውን ብርሃን አይታ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አምስተኛ ማርሽ ከአራት ወር በኋላ መንገድ አየና አፉ ተከፈተ፤ ስለ ኩርባዎቹ፣ ስለ ድልድዮቹ፣ ፍሬን ስለከዳው ሰውዬ አወራ። ማለዳው ግን ብርድ ነበር። ከግማሽ መንገድ በኋላ ወሬው ቀነሰ። ጣቶቹን ስታያቸው መሪው ላይ ነጥተዋል፤ ከንፈሩም ደብዝዟል። ሳታስበው እጇን ዘርግታ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

አዎ፣ እሷው ናት። በር ከፍቶ ያወራውን ሁሉ ያስለቀሰችው፣ "ሙቀት ጠላታችን ነው" ብላ የጻፈችው ሴትዮ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ሞቅ አላቸው። ባሏ ወሬውን ቀጠለ፣ እሷም ሳቀች፣ ጥሩ ጥሩ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ባሏ በመሐል ቆም አለና፣ "ዝናብ ጀመረ እንዴ?" አላት።

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ድምፁ ግን አለ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ፣ ኮሽ ኮሽ፣ ኮሽ ኮሽ። ከኋላቸው ነበር የሚመጣው። የጥንዚዛ እናት ማሞቂያውን አየችው፣ ሳጥኖቹን አየቻቸው፣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ዞራ የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈት ስታደርግ በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ወረቀቱም እየተንቀሳቀሰ ነው።

"ነቁ! በገዛ እጄ ቀሰቀስኳቸው!"

"እንመለስና መልሰሽ አስተኚያቸዋ!"

"ለመተኛት መጀመሪያ መወፈር አለባቸው! የከረሙበት ስብ አልቆ የቀራቸው ለመንቂያ የምትሆን ብቻ ናት። ምድጃው ተያያዘ፤ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሚበላ የለም። እስከ እኩለ ቀን ክሽክሹ ላይ ካልደረሱ እርስ በርስ ይበላላሉ!"

አምስተኛ ማርሽ ስሙን ያገኘበትን ማርሽ አስገባ።

አትክልተኛው ጋ ሲደርሱ ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። ስድስቱ የፕላስቲክ ቤቶች በመስመር ቆመዋል፤ ከመንገዱ ወደ እነሱ የሚያስገባው በር ላይ ግን ለውሃ ቧንቧ አዲስ ቦይ ተቆፍሯል። ቦዩ ውስጥ አትክልተኛው ራሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ የፈነዳ ቧንቧ በሁለት እጁ አንቆ ይዟል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አለ። "እጄን ብሰጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ከለቀቅኩት ግን ስድስቱም ቤት ይጥለቀለቃል። ሠራተኞቼ ቧንቧ ሠሪ ሊያመጡ ሄደዋል። ጣውላዋን ረግጣችሁ ተሻገሩ፤ ለየቤቱ ሁለት ሁለት ሳጥን!"

መኪናው አያልፍም። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ነው። የጥንዚዛ እናት የመጀመሪያውን ሳጥን አቅፋ ጣውላውን ተሻገረች። ቅርብ ከሆነው ቤት ብትጀምርም ሩቁ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ ጉልበቷም ከሃምሳ ሰባት ዓመቷ በላይ ያረጀ ነው። አንድ አደረሰች። ሁለት። ሦስት። አምስተኛውን አድርሳ ስትመለስ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ቫኑ ውስጥ ያለው ኮሽኮሽታም ካፊያ መሆኑ ቀርቶ ዶፍ ሆኗል። ባሏ እንደተቀመጠ ነው፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ይመለከታል።

የመኪናውን በር በረገደችው። "ስንፍናም እኮ ልክ አለው! ሚስትህ ዓይንህ እያየ ስትወድቅ ነው የምትነሳው?"

"ስንፍና መሰለሽ?" አላት። ድምፁ ትንሽ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚህ ሰው ወጥቶ አያውቅም።

"ማደያ ሩቅ ሆኖ ነዳጅ ሲያልቅብን ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ? ያለችውን ጠብታ እንቆጥባለን። ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተን ነው የምንወርደው። ሐኪሙ 'ልብዎ ደክሟል' ሲለኝ የገባኝ ይሄ ነው። የቀረኝ ጠብታ ናት። አንድ እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ከሷ ላይ ይቀነሳል። ቶሎ ከጨረስኳት አንቺ ያንን ቤት ብቻሽን ትገቢበታለሽ፤ ማን 'እንዴት ዋልሽ' ይልሻል? ሶፋው የተመቸኝ ይመስልሻል? ጀርባዬ አልቋል! ቴሌቪዥኑንስ ብትዪ፣ ያንን ድራማ ከአሁን በኋላ ባየው ልቤ ሳይሆን ጭንቅላቴ ነው የሚፈነዳው!"

አራት ወር ሙሉ "ይህ ሰነፍ" እያለች የተኛችው፣ ለእሷ ሲል ራሱን ሶፋ ላይ ካሰረ ሰው ጎን ነበር። ልታለቅስ ፈለገች፤ ግን ሁለት ሺህ የሚሆኑ የተራቡ ሆዶች ከኋላቸው ይንኮሻኮሻሉ፤ ለልቅሶ ጊዜ አልነበረም።

"ስማኝ" አለችው። "ሦስተኛው ምድብ አለ፤ ያልነገርኩህ። ከእነዚህ ከሁለት ወር በላይ ቀድመው የተኙትን በስምንት ወራቸው ቀስቅሰን ከነቁ በኋላ ስንት ቀን እንደሚኖሩ ቆጠርን። ስልሳ ቀን ነው። ያልተኙትም የኖሩት ስልሳ ቀን ነው። ገባህ? ስምንቱ ወር ዕድሜ አልጨመረላቸውም። ጠበቁ እንጂ አልኖሩም።"

"ቢሆንም አልሞቱም።"

"ቆይ። ግማሾቹን በጊዜያቸው አልቀሰቀስናቸውም፤ ሌላ ሁለት ወር ተውናቸው። እሳቷ ታንሳለች እንጂ አትጠፋማ፤ ተኝተውም ስባቸውን ስትበላው ከረመች። በኋላ ስንቀሰቅሳቸው ክንፋቸውን መግለጥ አቃታቸው። ጥንዚዛ የሚተኛው የሚነሳበት ቀን ስላለው ነው። ያንተ ቀን መቼ ነው?"

ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ በጥንዚዛ ቋንቋ እምቢ ያለውን ሰው በራሱ ቋንቋ ለመያዝ።

"አንተ ሹፌር ነህ። ለቁጠባ ብለህ አውቶቡስ ግቢ ውስጥ አራት ወር ብታቆም ባትሪው ምን ይሆናል?"

ባሏ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ የሞተሩን ቁልፍ ነካ።

"ንገረኛ!"

"ይሞታል" አለ። "በሦስት ሳምንቱ ይሞታል። በየቀኑ እየተነሳ ትንሽ ትንሽ ካልተነዳ..." አልጨረሰውም። "ሐኪሙ ለምን እንደዚህ ብሎ አልነገረኝም?"

"ሐኪም እኮ ነው፤ መካኒክ አይደለም።"

ከቦዩ ውስጥ አትክልተኛው፣ "ጋሼ፣ ክርክሩ ደስ ይላል፤ ግን ክንዴ እየዛለ ነው!" ብሎ ጮኸ።

አምስተኛ ማርሽ አንድ እግሩን መሬት ላይ አደረገ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሳጥን ተቀበላት። ጣውላው ላይ ሲወጣ እስትንፋሷን ይዛ ከኋላው ተከተለችው፤ እሱ ቢወድቅ ምን ልታደርግ እንደምትችል እሷም አታውቅም። አትክልተኛው ከሥር ሆኖ "በግራ! በግራ! አይዞዎት!" እያለ ነዳው።

ሠላሳ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ምሰሶ ተደገፈ፤ ሳጥኑን ግን አላስቀመጠም። ሠላሳ ሄደ፣ ቆመ። እሷ ሁለት ስታደርስ እሱ አንድ ያደርሳል። ሲተላለፉ አይተያዩም፤ እሷ ብታየው "ተቀመጥ" ልትለው ስለሆነ፣ እሱም ቢያያት እሺ ሊላት ስለሆነ። ከሦስተኛው ቤት በኋላ ማረፊያው እየራቀ ሄደ፤ አንድ ጊዜም ሲያፏጭ ሰማችው።

የመጨረሻውን ሳጥን የከፈተው እሱ ነው። ስድስተኛው ቤት ውስጥ፣ ቅጠላቸው የተጨማደደ ቲማቲሞች መሐል፣ ወረቀቱን አውጥቶ እንዳሳየችው ግንዱ ሥር አስቀመጠው። ጥንዚዛዎቹ ወዲያው አልበረሩም። ወረቀቱ ጫፍ ላይ ወጥተው ቆሙ፣ አንቴናቸውን አራገቡ፣ ቅጠል ላይ ያገኟትን የውሃ ጠብታ ከበው ጠጡ።

"ምን ይጠብቃሉ?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሰውነታቸው እስኪሞቅ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ነው።"

አንደኛዋ ግንዱን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ የክሽክሽ መንጋ አገኘች፤ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት መብላት ጀመረች። ሌላዋ ጫፍ ድረስ ወጥታ ቀዩን ሽፋኗን ከፍታ፣ ከሥሩ የተጣጠፈውን ስስ ክንፍ ዘረጋችና ተነሳች። ባሏ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ብዙዎቹ ተነሱ፤ ትከሻው ላይ ያረፉም ነበሩ፤ አላራገፋቸውም።

"እጅሽን ስጪኝ" አላት።

ሰጠችው። ወስዶ ደረቱ ላይ አደረገው። ልቡ ይመታል፣ ይመታል፣ ድም ድም ይላል፤ ደነገጠች።

"ተቀመጥ! በል ቶሎ ተቀመጥ!"

"ቆይ፣ ቁጠሪ።" እጇን አልለቀቃትም። "ስራመድ ይፈጥናል፤ ስቆም ደግሞ ይመለሳል። ከመጀመሪያው ሳጥን ጀምሮ እያየሁት ነው። አሁን ይመለሳል፣ ጠብቂ።"

ጠበቁ። ፕላስቲኩ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ነበረች፤ ከቦዩ በኩል የቧንቧ ሠሪው ሞተር ብስክሌት ሲደርስና አትክልተኛው በደስታ ሲጮህ ተሰማ። ከእጇ ሥር ያለው ምት ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወደ ልኩ ተመለሰ።

"ፈርተህ ነበር?" አለችው።

"አሁንም ፈርቻለሁ።" ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። "የዚያ ሹፌር ጥርስ የሚድነው መቼ ነው ያልሽው?"

"ከሦስት ቀን በኋላ።"

"ነገስ የሚጠብቅ አትክልተኛ አለ?"

"አለ። ከዚያም ወዲያ አለ።"

"እንግዲያው ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?"

"አንድ ሰዓት ላይ" አለችው። "ታክሲ ግን አልጠራም። መኪናው ያለበት ድረስ በእግራችን ነው የምንሄደው።"

"እሺ" አለ።